ጂፑ መሬት ሳይረግጥ

እሑድ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2008

ይህ ደብተር የፊዚክስ ደብተር ነበር። ፊዚክሱ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሞተ፤ የቀረው የእኔ ነው። በአማርኛ የምጽፈው አገሬን ስለምወድ እንዳይመስላችሁ። በፈረንሳይኛ ብጽፈው የጋራዣችን ነጅሙዲን ያነበዋል። ነጅሙዲን ካነበበው ደግሞ የጅቡቲው ሰፈራችን ካርቲየ 5 በሙሉ አነበበው ማለት ነው።

ዛሬ ሙጠሊብ ጂፑን ይዞ ጋራዥ መጣ። ሙጠሊብ ቱሪስቶችን አቤ ሐይቅ ወስዶ የሚመልስ ሰው ነው። ሲሄዱ እየዘፈኑ ነው፤ ሲመለሱ ወገባቸውን ይዘው ዝም። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ነው። "መኪናዬ እንደ ፍየል ይዘላል" አለና ከዱባይ ያስመጣውን ሣጥን ከፈተው። ስምንት ረጃጅም የብረት ክንዶች፣ አራት ሞላ፣ መንገጫገጭ የሚያበርዱ አራት ሾክ፣ አንድ ከረጢት ብሎን።

ነገሩ ቀላል ነው። ጎማዎቹን ከሻንሲው፣ ከመኪናው አጥንት፣ ጋር የሚያያይዙት የጂፑ ክንዶች አጭር ናቸው። ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ አጭር ክንድ መኪናውን በሙሉ ያስደነግጠዋል። ረጅሙ ግን ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይህንን ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ፤ መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከጋራዡ ሰው እንግሊዝኛ የሚያነብ እኔ ብቻ ነኝ።

አባዬ የጋራዡ ባለቤት ቢሆንም ዕድሜ ልኩን የጠገነው የኢትዮጵያን ከባድ መኪናዎች ነው፤ እነሱ ጭነታቸውን የሚሸከሙት ባሌስትራ በሚባል ድርብርብ የብረት ዝርግ ነው። ሣጥኑ ውስጥ እባብ እንዳለ ሁሉ ራቅ ብሎ አየው።

"ባሌስትራ የለውም?"

"የለውም።"

"ታዲያ ጭነቱን ምን ሊሸከመው ነው?"

ከባድ ሰው ነው አባዬ። እንደ መኪናዎቹ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

እማዬ ደወለች። የምትሠራው ሀራሙስ ሰፈር፣ አንድ ፈረንጅ ቤት ነው፤ እዚያው ታድራለች፣ የምትመጣው ሐሙስ ማታ ነው። የአባዬ እጅ በግራሶ ቅባት ተለውሶ ስለነበረ ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲያወራ አድርጎ በርሜል ላይ አስቀመጠው። እኔ ከመኪና ሥር ነበርኩ።

"አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ፀጋዬ። ጥፍሯን አይተኸዋል?"

"ምን ሆነ ጥፍሯ?"

"ያንተን መሰለ!"

ስለዚህ ተወስኗል። በመስከረም ድሬዳዋ፣ አክስቴ ቤት፣ የጸሐፊነት ትምህርት። ቦታ ተይዞልኛል። ለቁም ሣጥን እንኳ ወዴት ይዙር ተብሎ ይጠየቃል፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

ምሳ ላይ ተናገርኩ። እማዬ ነበረች፣ አባዬ ነበረ፣ አባባም ነበሩ። አባባ ማለት የአባዬ አባት፣ ገብረማርያም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የባቡሩ ዎርክሾፕ ውስጥ የሠሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ጋራዣችን በር ላይ ወንበር ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ የሚተቹ። አዲሱን ባቡር እንኳ ገና ሳይጀምር ጠልተውታል።

"ጂፑን መመሪያውን እያነበብኩ እኔ አሠራዋለሁ" አልኩ። "ሙጠሊብ አቤ ሐይቅ ደርሶ በደህና ከተመለሰ፣ ድሬዳዋ አልሄድም። አንድ ነገር ከጎደለው አፌን ይዤ እሄዳለሁ።"

እማዬ ሳቀች። "አባትሽ የፈራውን አንቺ?"

አባዬ አሳለው።

"እሺ" አለች እማዬ። "ቀኑ መቼ ነው?"

ሙጠሊብ እንግዶቹን ይዞ የሚነሳው ነሐሴ 15 ነው። ነገርኳት።

"በቀኑ ይነሳል፣ በሰላም ይመለሳል። ሙቀት ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር የሚባል ሰበብ አልሰማም።"

"ሰበብ የለም።"

አባባ ሹካቸውን አስቀምጠው "ሰምቻለሁ" አሉ፤ ዳኛ መስለው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 11

ዛሬ ቆረጥን! የድሮዎቹን ክንዶች የሚይዙት ጆሮዎች ከሻንሲው ላይ በግራይንደር ተቆርጠው መውደቅ አለባቸው፤ አዲሶቹ የሚበየዱት ወደ መኪናው መሐል ገባ ብለው ነው። አንዴ ከቆረጡ መመለስ የለም። አባዬ ሦስት ጊዜ "በደንብ አንብበሻል?" አለኝ። ሦስቴ አነበብኩለት። በአራተኛው ነጅሙዲን ግራይንደሩን አስነሳና ነገሩ አለቀ። ነጅሙዲን በያጃችን ነው። ድፍረቱ ከብየዳው ይበልጣል፤ ብየዳውም ጥሩ ነው።

ጌቾ ከነተሳቢው መንገዱን ዘግቶ ቆሞ ሲያይ ነበር። ጌቾ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር ነው፤ መካሪም ነው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

"ሻንሲ ቆረጣችሁ? ሻንሲ!" ብሎ ራሱን ያዘ። "ሁለት ባሌስትራ ብትጨምሩለት አርፎ ይሄድ ነበር እኮ!"

ለጌቾ የዓለም በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ ባሌስትራ ነው። ሚስቱ ስታኮርፍም ሁለት የሚጨምርላት ይመስለኛል። ይህንን ጮክ ብዬ አልኩት። አባዬ ቁጣውን በሳቅ አበላሸው።

እሑድ፣ ሐምሌ 17

መብራት የለም። ንፋሱ አሸዋ ነው። ብየዳ ቆመ።
የብሎን መፍቻ ቁልፍ ፀሐይ ላይ ረስቼ በባዶ እጄ አነሳሁት። መዳፌ ላይ 19 የሚል ቁጥር ታትሟል።
እማዬ እንዳታይ።

እሑድ፣ ሐምሌ 24

የምንሠራው ከንጋት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ከተማ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ነጅሙዲን ፕሮፌሰር ይሆናል፣ ፕሮፌሰር ደግሞ አይበይድም። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ከጫት በፊት ማስጨረስ የእኔ ሥራ ሆኗል።

ዛሬ ተጣላን። የግራው ጆሮ ከቀኙ በአራት ሚሊ ወደፊት ሄዷል። በሲባጎ ለካሁት፣ ደግሜ ለካሁት። ያው አራት።

"አራት ሚሊ ምንድን ነው? የትንኝ ክንፍ!" አለ ነጅሙዲን።

"ይቆረጥና እንደገና ይበየድ።"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ስበይድ አንቺ ጡጦ ትጠቢ ነበር።"

"ያኔም አራት ሚሊ ጠምሞ ይሆናል፣ ጋሽ ነጅሙ። የሚለካ ስላልነበረ ነው።"

ነጅሙዲን አባዬን አየው። አባዬ ራሱ ለካ። ከዚያ "ቁረጠው" አለ፤ እኔን ሳያየኝ። ነጅሙዲን እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ እየተሳደበ ቆረጠ፣ እየተሳደበ በየደ። የዛሬው ብየዳ ከሁሉም ያምራል።

ማታ እጄን ስታጠብ አባዬ የልብስ ሳሙናውን አቀበለኝና "ድሬዳዋ እኮ ሙቀቱ ይሻላል" አለኝ። "አልሄድም" አልኩት። "እንዲያው ነው ያልኩት" አለ፤ ግን አልሄደም፣ እስክጨርስ ቆሞ ነበር። ምን እንደፈለገ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 3

ገጥመን ጨረስን! ስምንቱም ክንዶች ቦታቸው ገብተዋል። ጂፑ በብረት መቆሚያዎች ላይ ነው፣ አራቱ እግሮቹ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። የቀረው አሥራ ስድስቱን ትላልቅ ብሎኖች ማጥበቅ ብቻ ነው።

አባባ ከወንበራቸው ተነስተው መጡ። "ነገ እኔ ነኝ የማጠብቀው" አሉ።

ይህ የባቡሩ ዎርክሾፕ ሕግ ነው። ፉርጎ ተጠግኖ ሲያልቅ፣ ሐዲዱን ሳይረግጥ፣ በዕድሜ ትልቁ ሰው የመጨረሻዎቹን ብሎኖች በእጁ ያጠብቃል። የላላ ብሎን ይዞ መሬት የሚወርድ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ወርዶ ሁንዴ የሚባል ጓደኛቸው እግሩን አጥቷል። አባዬም ጋራዡን ሲከፍት ይህንኑ ሕግ ይዞ ገባ፤ ከባድ መኪናው ሁሉ ከማንሻው ክሪክ የሚወርደው አባባ ነካክተውት ነው።

ነገ እንግዲህ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 4

አባባ ካኪ ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጡ። ጾም ላይ ናቸው፣ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። አንዱን ብሎን ሲጨርሱ ያርፋሉ፤ ቁልፉ ከባድ ነው። አባዬ ሊያግዛቸው ሲጠጋ በክርናቸው መለሱት። አሥራ ስድስቱንም ጨረሱ። ነጅሙዲን አጨበጨበ። ጌቾ የመኪናውን ጥሩንባ ነፋ። ከዚያ ጂፑን አወረድነው።

መመሪያው ከሣጥኑ ላይ ነበር። ሃያ አንደኛው ገጽ በላብ ተጣብቆ ስለነበረ በደንብ አልታየኝም።

ረጅም ሆኗል ጂፑ፣ ያምራል!

ሐሙስ፣ ነሐሴ 5

ሙጠሊብ ወደ አርታ ከተማ ነድቶት ተመለሰ። "ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይደርቃል" አለ። ሲታጠፍ ይጮሃል፤ ዘይት እንዳልነካው በር።

አባዬ፦ "አዲስ ነው፣ ይለምዳል።"

አዲስ ነው። ይለምዳል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 7

ይጮሃል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 9

ጌቾ ጭነት ይዞ ሲመለስ ሰማው። "ነግሬያችሁ ነበር፣ ባሌስትራ" አለ። ከመኪናው ሥር ገባሁ። የሸሸሁ እንዳይመስለው፤ ቁልፍ ልፈልግ ነው።

እማዬ ስትደውል "መኪናው እንዴት ነው?" አለች። "በጣም ጥሩ" አልኳት። "ድምፅሽ ምን ሆነ?" "አሸዋ ነው።"

ስድስት ቀን ቀርቷል። ስድስት ቀን ዝም ካልኩ ድሬዳዋ የለም። ሙጠሊብ ራሱ አላማረረም። አባዬ አላማረረም። እኔ ምን አገባኝ?

ረቡዕ፣ ነሐሴ 11

እሺ። ገጹ አልተጣበቀም ነበር።

ሃያ አንደኛው ገጽ ምን እንደሚል ከሐምሌ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። የክንዶቹ ጫፍ ላይ በብረት መካከል የተያዘ ጎማ አለ፣ ቡሽ የሚሉት። ብሎኑ ሲጠብቅ ጎማው ባለበት ይያዛል። ስለዚህ በእጅ ብቻ ጠበቅ አድርገህ መኪናውን አውርድ፤ በአራት እግሩ ቆሞ ክብደቱን ሲይዝ ያኔ አጥብቅ ይላል። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲረግጥ ጎማው ይጠመዘዛል፤ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ ቆይቶ ይቀደዳል። በጥቁር ወፍራም ፊደል ነው የተጻፈው። በሥዕልም አለ። ሥዕሉ ለነጅሙዲን እንኳ ይገባዋል።

አባባ የመጀመሪያውን ብሎን ሲያጠብቁ አፌን ከፍቼ ነበር። ሸሚዛቸው በጣም ተተኩሶ ነበር። ዘጋሁት።

ለእሳቸው ብዬ ነው።

ለእሳቸው ብቻ ብዬ ነው እያልኩ ጻፍኩና ብቻ የምትለዋን ሰረዝኳት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 12

ባትሪ ይዤ ከጂፑ ሥር ገባሁ። የኋላ ቀኝ፣ ላይኛው ክንድ። ጎማው ከብረቱ ተላቅቋል፣ ጥፍሬ ይገባል። በአስፋልት ላይ ብቻ በስምንት ቀን እንዲህ ከሆነ፣ አቤ ሐይቅ መንገድ ላይ፣ አራት ሰው ጭኖ...

የወጣሁት ነጅሙዲን "ተኛሽ እንዴ?" ሲለኝ ነው።

ዓርብ፣ ነሐሴ 13

ሁሉንም ልጻፍ።

ሙጠሊብ ከጁምዓ በኋላ ጂፑን ሊወስድ መጣ። እማዬም መጣች፤ ውሉን በዓይኗ ልታይ። ጌቾ መቼም አይጠፋም። አባባ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ሙጠሊብ የውሃ ጀሪካኖቹን መጫን ሲጀምር ከፊቱ ቆምኩ።

"መኪናው አይሄድም" አልኩ።

"ምን ማለት ነው አይሄድም?"

"አሥራ ስድስቱም ብሎኖች ይፈታሉ። አንዱ ቡሽ ተቀዷል፣ ይለወጣል።"

ሙጠሊብ ወደ አባዬ ዞረ። ከዚያ አባባ ከበሩ ላይ፣ ሳይጮሁ፦

"እኔ ያጠበቅኩት ነው የሚፈታው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ሠላሳ ስምንት ዓመት ያጠበቅኩት ተፈትቶ አያውቅም።"

"ያ ፉርጎ ነበር።"

"ብረት ብረት ነው!"

"ይሄ ጎማ ነው፣ አባባ። ተንጠልጥሎ መጥበቅ አልነበረበትም። መሬት ረግጦ ነው።"

"ራኬብ!" አለ አባዬ። "አባባን ነው የምታናግሪው።"

"አውቃለሁ ማንን እንደማናግር! ከፈለጋችሁ እግዚአብሔርም ያጥብቀው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ይቀደዳል!"

ጌቾ "እግዚኦ" ብሎ አማተበ። ሙጠሊብ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠው። እማዬ ግን አልተቆጣችም። ጠጋ ብላ፣ በዚያ ቀጭን ድምጿ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

"መመሪያውን ያነበብሽው አንቺ ነሽ። ያን ዕለት ለምን አልተናገርሽም?"

ማምለጫ ነበረኝ። ገጹ ተጣብቆ ነበር ማለት እችል ነበር፤ ደብተሬ ላይ እንኳ ተለማምጄዋለሁ።

"አንብቤው ነበር" አልኩ። "ዝም አልኩ።"

"ለምን?"

"ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጥተው ነበር።"

አባባ ተነሱ። ብዙ ጊዜ ነው የፈጀባቸው። "ለሸሚዜ ብለሽ" አሉ፤ "ሰው ድንጋይ ላይ ልትበትኚ ነበር?" ከዚያ ወንበራቸውን እዚያው ትተው ወደ ቤት ሄዱ። ማንም አልተከተላቸውም። እኔ ልከተል ስል አባዬ እጄን ያዘኝ፤ ቁልፉን ሰጠኝ።

መኪናው በአራት እግሩ እንደቆመ ብሎኖቹን ፈታናቸው፣ አባዬ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ። አሥረኛው ላይ ስንደርስ ጂፑ ተነፈሰ። በእውነት፤ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ፣ ማንም ሳይነካው። አባዬ ተንበርክኮ ለካው። ነጅሙዲን ጠጋ ብሎ አየና "የትንኝ ክንፍ" አለ፤ ግን በቀስታ።

እማዬ ሁሉንም አየች። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 14

ትርፍ ቡሽ የለም፤ ከዱባይ ይመጣል። ሙጠሊብ እንግዶቹን በዘመዱ መኪና ይወስዳል። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ አላናገሩኝም። የበሩ ወንበር ባዶውን ነው። አላለቀስኩም፤ ላብ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 25

ቡሹ ከመጣ አራት ቀኑ። ለወጥነው፣ ጂፑን አወረድነው፣ ከዚያ አጠበቅን። ሙጠሊብ ሌሎች እንግዶች ይዞ አቤ ሐይቅ ሄዶ ዛሬ ተመለሰ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሽማግሌ ፈረንሳዊት እንቅልፍ ወስዷታል። በዚያ መንገድ! ሙጠሊብ ሊቀሰቅሳት አልፈለገም፤ በጣቱ ብቻ አሳየን። አባዬ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ አየና ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ።

አባባ ወንበራቸው ላይ ተመልሰዋል። አያናግሩኝም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 27

"መኪናው በሰላም ተመለሰ" አለች እማዬ። "በቀኑ ግን አልሄደም።"

"አልሄደም።"

"ሰበብ አለሽ?"

"የለኝም።"

ልለምናት እንደምችል ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። አልለመንኩም። ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ ራሴ አወረድኩት። እማዬ ፊቷ እንዳሸነፈ ሰው አልነበረም። እጄን ይዛ ጥፍሮቼን አየቻቸው፣ አንድ በአንድ።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 4

አባባ ዛሬ ተናገሩ፤ ለእኔ ግን አይደለም፣ ለእማዬ ነው።

"ድሬዳዋ ማን ነው የሚያደርሳት?"

"አውቶቡስ፣ አባባ።"

"እኔ አደርሳታለሁ። አስመዝግቤያት እመለሳለሁ።"

እማዬ ደስ አላት። እንዳልጠፋ የሚጠብቀኝ ሰው አገኘች። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከማያናግረኝ ሰው ጋር ልሄድ ነው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 3 ቀን 2009፣ ድሬዳዋ

ትናንት አውቶቡሱ የድንበሩን ደወሌ ኬላ ካለፈ በኋላ መታገሥ አቃተኝ። አባባ መስኮቱን እያዩ ነበር። "አባባ፣ ድሬዳዋ እሄዳለሁ ነው ያልኩት" አልኩ። "ጸሐፊ እሆናለሁ ብዬ ቃል አልገባሁም። ምን እንደምማር ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።" ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት ሰነዶቼን በፌስታል ይዘው ከፊት ከፊት ሄዱ። የጸሐፊነት ትምህርት ቤቱን በር ከሩቅ አየሁት፤ ሰማያዊ ነው። ደረስን። አላቆሙም።

"አባባ፣ አለፍነው።"

"ዓይን አለኝ።"

ሁለት መንገድ ተሻግረን አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባን። መዝጋቢዋ ወረቀቶቼን አገላብጣ "ምን ልትማሪ ነው?" አለችኝ። አባባን አየኋቸው። ጣሪያ እያዩ ነው። ሊመልሱልኝ አልፈለጉም።

"መካኒክነት፣ የመኪና" አልኩ። ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፤ ሰልፍ ላይ ያሉት ወንዶች ዞሩ። ይዙሩ።

መዝጋቢዋ ቀና ብላ አባባን አየች። "አባት፣ ትችለዋለች?"

"ማንበብ ትችላለች" አሉ። "ዝም ማለቷን ነው ማስተው ያለባችሁ።"

ከነሐሴ 13 ወዲህ ስለዚያ ቀን ሲያነሱ ስሰማ የመጀመሪያው ነው።

ወጥተን ዛፍ ሥር ቆምን። "ለእናትሽ እኔ ነኝ የምደውለው" ብለው ስልካቸውን አወጡ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደወሉ። መጥራት ሲጀምር ለእኔ አቀበሉኝና ፊታቸውን አዞሩ።

"እማዬ፣ ተመዘገብኩ" አልኳት።

"ጎበዝ፣ የኔ ልጅ!"

"ቆይ፣ ገና አትመርቂኝ" አልኩና ነገርኳት።